ሽፋን የሌለው አልበም

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ድምፁ ወረደና ጠፋ ማለት ይቻላል። መልሶ እስኪመጣ ክራሩ ብቻውን ቀረ። ብርነሽ ሳትሰማው አልቀረችም፤ ግን በደንባችን የካሴቱ ገጽ እስኪያልቅ ማንም አይናገርም።

ደንቡ የኔ ነው። ከምሳ በኋላ አንድ አልበም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መዝለል የለም። ስልክ ይዘጋል። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሙዚቃ አስተማሪያችን ሸክላ ስታሰማን እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንቀመጥ ነበር፤ ጣቷን ያንቀሳቀሰች ማስመሪያ ይጠብቃታል። ያኔ ጠላኋት። ዛሬ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ብርነሽ በመጀመሪያ ሰሞን ትስቅብኝ ነበር። ግቢያችን አንድ ነው፣ እዚህ ካምፓላ፣ ከካባላጋላ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፤ እኔና ልጄ ዳዊት በአንደኛው በር፣ እሷ በሚቀጥለው። ከኦዊኖ ገበያ ያገለገለ መጋረጃ እየገዛች አድሳ ሰፍታ ትሸጣለች። ቴፑ የሷ ነው፤ የስፌቱ ብናኝ እንዳያበላሸው ብላ እኔ ሳሎን አስቀምጣዋለች። የላከላት ወንድሟ ተስፋዬ ነው፣ ከአዳማ። ካሴት ቤት ነበረው። አሁን ካሴት የሚገዛ ሰው ስለጠፋ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል፤ የተረፉትን ካሴቶች በከረጢት አድርጎ በዳዊት በኩል ለኛ ይልካል። ዳዊት የሚሠራው አየር መንገድ ጭነት ክፍል ነው።

የዛሬው አልበም ሽፋን የለው፣ ስም የለው። አንድ ወንድ፣ አንድ ክራር።

አንደኛው ዘፈን፦ ከፍ አድርጎ ጀመረና መውጫ አጣ።
ሁለተኛው፦ ሌላ ሰው ለመምሰል መታገል።
ሦስተኛው፦ ባቲ። አነሳሱ መልካም። ከዚያ ድምፁ ወረደ።
የቀሩት፦ አላስታውሳቸውም። ይህም ራሱ ፍርድ ነው።

"እህስ፣ እትዬ ጽጌ?" አለች ብርነሽ፣ ቴፑ ጠቅ ብሎ ሲቆም።

"ይህ ሰው ሌላ ሥራ ካለው ወደ ሥራው ቢመለስ ይሻለዋል" አልኳት።

ሌላ ጊዜ በእንዲህ ያለው ንግግሬ ትስቃለች። ዛሬ አልሳቀችም። የሻይ ብርጭቆዎቹን አንስታ አጠበች፤ ስፌት አለብኝ ብላ ሄደች።

አመሻሹ ላይ የጨመርኩት። ዳዊት ከሥራ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። "እማዬ፣ በሩን ዝጊው" አለኝ።

ተስፋዬ ሞቷል። ትናንት፣ እሑድ፣ ልቡ ነው አሉ። የዳዊትን ስልክ የተስፋዬ ሚስት በካሴቱ ምክንያት ታውቀው ስለነበር ለሱ ደወለች። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ።

በዘጠኝ ሰዓት እኛ ሁለተኛውን ገጽ እየሰማን ነበር።

የእድራችን ሰብሳቢ አቶ መኮንን ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረው መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይሁን ብለዋል። የብርነሽ ልጅ ሰላም ከጁባ የምትገባው ዓርብ ማታ ነው። ብርነሽ ደግሞ ደም ግፊት አለባት፤ ልጇ አጠገቧ ሳትኖር አይነገራትም። ትክክል ነው። እኔም ብጠየቅ ይህንኑ እል ነበር።

"የምትለያችሁ አንዲት ግድግዳ ናት" አለኝ ዳዊት። "እንዳትሰማ ጠብቂያት። እንደ ወትሮሽ ሁኚ።"

እንደ ወትሮዬ ማለት ነገ ከምሳ በኋላ ዘፈን መስማት ማለት ነው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት አሞኛል ልበላት ብዬ አሰብኩ። ተውኩት። ብታመም ሾርባ ይዛ መጥታ አልጋዬ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ያ ይብሳል። ቴፑን አልከፍትም ማለትም አይቻልም። በኛ ዘንድ ቴፕ ያለ ምክንያት አይዘጋም። ያለ ጾም ቴፕ የተዘጋበት ቤት ምን እንደገባ ልጅም ያውቃል።

አልበሙን እሷ መረጠች። የሳክስፎን ነው፣ ቃል የሌለበት፣ የሠርግ ቤት ጨዋታ። ሽፋኑ ላይ ነጭ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኗል። በሌላ ቀን ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ነፊው ትንፋሹን የት እንደሚሰርቅ አይታወቅበትም፣ ከበሮው ግን ይቸኩላል። ዛሬ የሰማሁት ግማሹን ነው። ግማሹን እሷን አየሁ። ትከሻዋን ትሰብቅ ነበር፣ ተቀምጣ፣ እንደ ልማዷ። መንቀሳቀስ በደንቡ ክልክል ነው። አልተቆጣሁም።

"ዛሬ ዝም አሉኝ" አለች ሲያልቅ። "አመመዎት እንዴ?"

"እርጅና ነው።"

"እርጅናማ ድሮም ነበረብዎት።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። ወንበሯን ወደኔ አስጠጋችና "የትናንቱ እኮ ተስፋዬ ነው" አለችኝ።

ምኑ ተስፋዬ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ዘፋኙ ነው። ሽፋን የሌለው አልበም የሱ ነው። ሱቁ ውስጥ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ በራሱ ቴፕ የቀዳው።

"ስሜን እንዳትነግሪያት አለኝ። 'የማትዋሽ እሷ ብቻ ናት፤ ሳታውቀኝ ትስማኝና የምትለውን ንገሪኝ' አለ። እሑድ ጠዋት ሲደውል ነገ እንሰማልሃለን አልኩት። ምን ብዬ ልንገረው አሁን? ወደ ሥራህ ተመለስ ብላሃለች ልበለው?"

ተስፋዬ ያን ንግግሬን አልሰማም። ደጋግሜ ያሰብኩት ይህን ነው። እሑድ ማታ ሞተ፤ እኔ የተናገርኩት ሰኞ ነው። አልሰማም። መጽናኛዬ ይህ ሆኖ ቀረ፤ ሰውየው ስድቤን ሳይሰማ መሞቱ። ምን ዓይነት ሴት ነኝ።

"በራስዎ አንደበት ቢነግሩትስ? በስልክ ድምፅዎን ቀድቼ እልክለታለሁ። ሁሉንም መጥፎ አይበሉት እንጂ። አንዲት ጥሩ ነገር ካገኙበት እሷን ይንገሩልኝ።"

"እንደገና ልስማው" አልኳት። ቀን ለመግዛት ነው።

"ይኼው፣ ሰው ሆኑ" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጾም ነው። ብርነሽ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ላለ ቢሮ መጋረጃ ልትሰቅል ሄደች። ብቻዬን ሰማሁት። ደንብ ጥሼ ሰማሁት፤ እያቆምኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ።

አንደኛው ዘፈን አልተሻሻለም። ሁለተኛውም። በዚህ ደስ አለኝ። ሞት ስህተትን ካረመ ጆሮዬ አብቅቶለታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ላይ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም። ድምፁ የወረደው ስላቃተው አይደለም። በር ይከፈታል። ሰው ይገባል። በጣም ሩቅ ሆኖ "ባትሪ አለ?" የሚል ይሰማል። ተስፋዬ መዝፈኑን አይተውም፤ ከመቅጃው ዞር ብሎ ዜማውን በአፍንጫው ይዞ ይሄዳል። መሳቢያ ይሳባል። አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ቀጭ ይላል። ክራሩን አንድ እጁ ብቻ እንደያዘው ያስታውቃል፤ አንዲት ክር ብቻ ናት የምትመታው። በሩ ይዘጋል። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፣ ቃሉን ካቆመበት ሳይሆን መድረስ ከነበረበት ቦታ ላይ። ምቱ አንድ ጊዜም አልተዛነፈም።

ሰኞ ይህን ሁሉ "ድምፁ ወረደ" ብዬ አለፍኩት።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በሕይወት ቢኖር ይህን እሰማው ነበር? ወይስ ሞቶብኝ ነው ምሕረት የምፈልግለት? ስድሳ ዓመት ሙሉ ስለ ሙዚቃ ስፈርድ አንድ ነገር ብቻ አውቅ ነበር፤ የሰማሁትን ነው የምናገረው። ዛሬ የሰማሁትን ከማውቀው መለየት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ የቤት አከራያችን ናካቶ ዘንድ ሄድኩ። ቅዳሜ ሰው በሌሊት ስለሚመጣ የግቢውን በር እንድታስከፍትልን ስጠይቃት ምክንያቱን መንገር ነበረብኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው፣ እሷ የሷን፣ እኔ የአስተማሪዎቼን።

"ወንድሟ መቼ ሞተ?"

"እሑድ።"

"እና ቅዳሜ ልትነግሯት?" መነጽሯን አወለቀች። "እማማ፣ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሬዲዮ ይናገራል። እስከ ምሳ ድረስ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እናንተ ሬሳ ለስድስት ቀን ኪሳችሁ ውስጥ ትይዛላችሁ?"

ልማዳችን ነው አልኳት። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው፣ ሰው ከቦ እንዲይዛት፣ ልጇም እንድትደርስ። አስረዳኋት፤ በጥሩ ሁኔታ ያስረዳሁ ይመስለኛል።

"እና እስከዚያ ብቻዋን አይደለችም?" አለች ናካቶ። "እናንተ ሁላችሁ በአንድ ወገን፣ እሷ ብቻዋን በሌላ ወገን።"

በሩን ግን አስከፍታለሁ ብላኛለች።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አደረግሁት።

ብርነሽ ከምሳ በኋላ ስልኳን ይዛ መጣች። እንዴት እንደሚያዝ አሳየችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ያልኩትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ቢያንስ እዚህ ላይ አልዋሽ።

"ተስፋዬ፣ ጽጌ ነኝ። አልበምህን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። በመጀመሪያው ቸኩዬ ፈርጃለሁ። አንደኛውን ዘፈን ከፍ አድርገህ ጀምረሃል፤ አንድ ድምፅ ዝቅ ብትል መውጫ ይኖርህ ነበር። ሁለተኛው ያንተ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ራስህ ታውቃለህ። ሦስተኛው ያንተ ነው። ሰው ገባብህ፤ ዘፈኑንም አላቋረጥክም፣ ሰውየውንም ባዶ እጁን አልሸኘኸውም። እንዲህ ያለ ነገር በሸክላም በካሴትም ሰምቼ አላውቅም።"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ብርነሽ በዓይኗ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ ትለኛለች።

"በርታ" አልኩ።

በርታ። አፈር ለለበሰ ሰው።

ብርነሽ ስልኩን ነጥቃኝ ላከችው። "አንድ ራይት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ስልኩን ዘግቶታል፤ ይሄ ሰነፍ" አለች። ከዚያ ተነስታ አቀፈችኝ። የደስታዋን ያህል ጨመቀችኝ፤ የጎን አጥንቴ አሁንም ያመኛል። "ሙት ነው የሚለው ይህን ሲሰማ" አለችኝ። ሰው እንዲህ ይላል። ሁላችንም እንላለን።

አልበም አልሰማንም። ዛሬ ይበቃል አለች፣ ከዚህ በላይ ምን ይሰማል። ወደ ቤቷ ሄደች። እስከ ማታ በግድግዳው በኩል የስፌት መኪናዋን እየነዳች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ሦስተኛውን ዘፈን። ወንድሟ ከተቀበረ በአራተኛው ቀን የወንድሟን ዘፈን እየዘፈነች መጋረጃ ትሰፋለች፤ ያዘፈንኳት እኔ ነኝ።

አቶ መኮንን ዘንድ ደወልኩ። ቀኑን ወደዚህ ማምጣት አይቻልም ወይ አልኳቸው።

"ወይዘሮ ጽጌ፣ እርስዎ ደግሞ! ደንብ ይከበር የሚሉት እርስዎ አይደሉም?" አሉኝ። "አንድ ቀን ተኩል ነው የቀረው። ያስችልዎት። አንድ ነገር ብትሆን ልጇን ምን እንላታለን?"

የሚሉት ልክ ነው። ልክ መሆኑ ምንም አልጠቀመኝም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት በሩን ሳልከፍትላት ከውጭ ተጣራች። "ሁለት ራይት! ሁለት ራይት ሆነ፣ እትዬ! ደርሶታል!"

ስልኩን ቤተሰቡ ከፍቶታል ማለት ነው። ብርነሽ ልትደውልለት ጣቷን አዘጋጅታ ቆማለች። የምታነሳው ሚስቱ ናት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ናት።

"አትደውዪ" አልኳት። ድምፄ እንደ ድሮ አስተማሪዬ ወጣ። "ለሰው ሥራ አስተያየት ልኮ ምስጋና መጠየቅ ነውር ነው። ያስብበት። ሲፈልግ ራሱ ይደውላል።"

ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። እንደ ተማሪ ታዘዘችኝ። ያለኝን አንድ ክብር፣ እውነት ትናገራለች የሚባልልኝን፣ ለውሸት ተጠቀምኩበት።

ስልኩ አጠገብ እንዳትቀመጥ ኦዊኖ እንሂድ አልኳት፤ ለሳሎኔ መጋረጃ ምረጪልኝ ብዬ። ደነገጠች፤ ኦዊኖን ጭቃው፣ ግፊያው ብዬ እንደምሸሸው ታውቃለች። ሄድን። ቡኒ መጋረጃ አስገዛችኝ። አያምርም። ዝም ብዬ ገዛሁ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አንዲት ሴት በሉጋንዳ አንድ ነገር ታነባለች፣ ስም ከስም እያስከተለች፣ ረጋ ብላ።

"ምን ትላለች?" አልኩ። ብርነሽ ሉጋንዳውን እንደ አማርኛ ነው የምታውቀው።

"የሞቱ ሰዎች ናቸው። እገሌ ሞቷል፣ ቀብሩ እዚህ መንደር ነው፣ ለእህቱ ለእገሊት፣ ለአጎቱ ለእገሌ ይድረስ።" ትንሽ አዳመጠች። "ድሮ ይዘገንነኝ ነበር። አሁን የነሱ ይሻላል እላለሁ።"

"እንዴት?"

"እናቴ የሞተች ጊዜ እዚህ ካምፓላ ነበርኩ፤ እርስዎ ገና አልመጡም። ሠርግ ነበረ፤ የሙሽራይቱን ሚዜዎች ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሠርጉ ይለፍ ብለው ሁለት ሳምንት ደበቁኝ። እኔ ሆዬ ሠርጉ ላይ ጨፈርኩ። ክብ ሠርተው አጨበጨቡልኝ። ኋላ ሲነግሩኝ ቀኑን ቆጠርኩት፤ ያጨበጨቡት ሁሉ ያውቁ ነበር።"

ሬዲዮው ማስታወቂያ ጀመረ።

"አልተቀየምኳቸውም። ልማድ ነው፤ አዝነውልኝ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ቆሜ ጨፍሬ አላውቅም። እርስዎ ድግስ ላይ ለምን ተነስተሽ አትጫወቺም እያሉ ይቀልዱብኛል። ተቀምጬ ትከሻዬን ብቻ ነው።"

መስኮቱን አየሁ። ዝናብ ጀምሯል፤ የቦዳ ሞተር ነጂዎች በነዳጅ ማደያው ጣራ ሥር ተሰብስበው ቆመዋል። ካባላጋላ ወረድን።

ቤት ስንገባ ረጥበናል። ሽሮ ሠራሁ፤ በላን። ኪኒንሽን ወስደሻል ወይ አልኳት። ማታ ነው የምወስደው አለች። አሁን ውሰጂው አልኳት። ሄዳ አምጥታ በፊቴ ዋጠችው፣ ምን ሆኑ ዛሬ እያለች።

ከዚያ እንደ ልማዷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። "እሺ፣ ምን እንስማ? ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው።"

ከቴፑ ፊት ቆሜ ነበር። አልነካሁትም። መክደኛ ጨርቁን ከመሳቢያ አውጥቼ አለበስኩት፤ ዞሬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አይከፍቱትም?"

"ዛሬ ዘፈን አይሰማም፣ ብርነሽ።"

ጾም ስለሆነ መስሏት "ዓርብ ዓርብ ስንሰማ ኖረን የለም እንዴ?" ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቴን አየች። ቴፑን አየች። ጨርቁን አየች።

"ማን ነው?" አለች።

ስሙን መጥራት አቃተኝ። ምናልባትም አላስፈለገም። ወደ ቦርሳዋ፣ ስልኩ ወዳለበት፣ ቀስ ብላ ዞረች።

"ከመቼ?"

"እሑድ ማታ።"

ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተችው። እጆቿን ያዝኳቸው። ድምፅ አላወጣችም። ሲሰበቅ የማውቀው ትከሻዋ እንደ ድንጋይ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር፤ ስለሱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ ዝምታው ብቻውን አልነበረምና።

በመጨረሻ የተናገረችው ስለ ሌሎቹ ነው። ሰላም ትመጣለች ወይ? ዛሬ ማታ ትገባለች፣ አቶ መኮንን ቤት ታድራለች አልኳት። መርዶው መቼ ነው? ነገ ጎህ ሲቀድ። ማን ያውቃል? ሁሉም።

"እርስዎ ነገሩኝ ቢባል ይጣሉዎታል" አለች። "ነገ እነሱ ይምጡ። አልሰማሁም።"

ልሂድና ልተኛ ብላ ተነሳች። ልከተላት ስል በእጇ መለሰችኝ። በር ላይ ደርሳ ቆመች፤ ሳትዞር "ሐሙስ በርታ ሲሉት ያውቁ ነበር" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ግድግዳው አጠገብ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ብትወድቅ እንድሰማ። የስፌት መኪናው ሲነዳ ነበር። ጥቁር ልብሷን እያጠበበች መሰለኝ። ወይ እያሰፋች። ለዳዊት አልነገርኩትም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ናካቶ ቃሏን ጠበቀች። የአገሯን ቀሚስ፣ ጎሜሲዋን ለብሳ፣ መቀነቷን አስራ፣ ከዘበኛው ጋር በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰው በዝምታ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ሰላም መሃል ላይ፣ በሁለት ሴቶች ተይዛ፣ ዓይኗ አብጦ።

አቶ መኮንን በሩን አንኳኩ። ብርነሽ ከፈተች። የሌሊት ልብሷን ለብሳ ነበር፤ ጸጉሯን ፈትታ፣ እንቅልፍ ላይ እንደነበረች ሰው። ጥቁር የለም። ሁላችንን አየችን። ልጇን ስታይ ጮኸች።

ያን ጩኸት አልረሳውም። ለሰው ብላ የጮኸችው አልነበረም። ማታ በነጠላዋ የዘጋችው ነው የወጣው፤ በሰው መሃል፣ ልጇን ይዛ፣ የሚይዛት ኖሮ። የፈጠርነው ልማድ ለምን እንደተፈጠረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ማታ መንገሬ ደግሞ ስህተት ይሁን ልክ ጭራሽ ጠፋብኝ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ናካቶ ማቶኬ የሚሉትን ሙዝ በትልቅ ድስት አስቀቅላ አመጣች፤ ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩ፣ ከዚያ በሉ።

አቶ መኮንን ከመሄዳቸው በፊት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ከባዱን ሸክም የተሸከሙት እርስዎ ነዎት። ሳምንት ሙሉ! እግዜር ይስጥልን" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። ብርነሽ ፍራሹ ላይ ሆና አየችኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቅሁም።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብርነሽ ዘንድ ገባሁ። ሰው ጥቂት ነበር። ሰላም ሻይ ስትቀዳልኝ ጎንበስ ብላ ነገረችኝ። የተስፋዬ ሚስት ዓርብ ስልኩን ስትከፍት ድምፄን አገኘች። ብርነሽ ሰምታ የላከችው መስሏት ድንኳኑ ውስጥ ከፈተችው። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማኝ፤ አንደኛውን ከፍ አድርገህ ጀመርክ ስል፣ ሁለተኛው ያንተ አይደለም ስል። በርታ ስልም።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ምስኪን፣ አልሰማችም አሉ። አለቀሱልዎት።"

አዳማ ላይ የማያውቁኝ ሰዎች ለየዋህነቴ አልቅሰውልኛል።

ብርነሽ ሰላምን ለአንድ ጉዳይ ወደ ውጭ ላከቻት። ሁለታችን ቀረን። ፊቷ በሁለት ቀን ከስቷል። ከፍራሹ ሥር ካሴቱን አወጣች፤ ሐሙስ ወደ ቤቷ ወስዳው ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይዋሹኝ።"

"አልዋሽሽም።" ይህን ለማለት መብት እንደሌለኝ እያወቅሁ አልኩት።

"ሦስተኛው ያንተ ነው ያሉት ስለሞተ ነው ወይስ እውነት ጥሩ ሆኖ?"

እውነት ጥሩ ሆኖ ነው ማለት ይቻል ነበር። አንደበቴ ላይ ነበር። የሐዘንተኛን ልብ ማሳረፍ ኃጢአት አይሆንም፤ ቄሱም ይህን ይሉኝ ነበር።

"አላውቅም" አልኳት። "በሩን፣ ሰውየውን፣ ባትሪውን፣ ሁሉን ሰምቻለሁ። ካሴቱ ላይ አለ፤ አልፈጠርኩትም። ግን የሰማሁት ካወቅሁ በኋላ ነው። ሳላውቅ ሰምቼው ስድብ ብቻ ነው የወጣኝ። የትኛዋ ጽጌ ልክ እንደሆነች አላውቅም።"

አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች።

"እውነቴን ነው ቢሉኝ ኖሮ አላምንዎትም ነበር" አለች። ካሴቱን መዳፌ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈችብኝ። "ይያዙልኝ። ቴፑም እዚያው ይቀመጥ። ጥቁሬን ሳወልቅ እንሰማዋለን፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይዘለል። ያን ጊዜ ይነግሩኛል።"

"ዓመት እኮ ነው፣ ብርነሽ። እኔን ታያለሽ? በዚህ ዕድሜዬ?"

"ይቆያሉ" አለች። "በደንቡ የሚኖር ሰው ፍርድ ሳይሰጥ አይሞትም።"

ልትስቅ ነበር መሰለኝ። ሰው ገባ፤ ለቅሶው እንደገና ተጀመረ።

ዛሬ ምንም አልሰማሁም። ዓመቱን ሙሉ አልሰማም፤ ለሷ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ነው። ካሴቱን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ካሴት ወደ መጀመሪያው ሳላጠነጥን አስቀምጬ አላውቅም፤ ክሩ ይላላል። ይህኛውን ባየው ሦስተኛው ዘፈን አካባቢ ላይ ቆሟል። ማን እንዳቆመው አላውቅም፤ ረቡዕ እኔው ረስቼው፣ ወይም እሷ በሰው ቴፕ ብቻዋን ሰምታው ይሆናል። እንዳለ ተውኩት።